ሳይቃጠል በቅጠል፦ ወረርሽኝ ሲመጣ ሠራተኛውን ማን ይጠብቀዋል?



ትምህርት ቤት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ተማሪው ነው። ይህ ግቢ ግን የሥራ ቦታም ነው። ገና ሳይነጋ በር የሚከፍተው ጥበቃ፣ መጸዳጃ ቤቱን የምታጸዳው እናት፣ ሰርቪሱን የሚነዳው ሾፌር፣ ሻይ የምታፈላዋ ሠራተኛ፣ ከሰሌዳው ፊት የሚቆመው መምህር፣ ሁሉም እንጀራቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው። የተማሪዎቻችን ወላጆችም በየጠዋቱ ወደ ወደብ፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ምግብ ቤት፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሰው ቤት ይሰማራሉ። ወረርሽኝ ሲነሣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ይችላል፤ ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ግን አይዘጉም። ዕቃ መራገፍ አለበት፤ ምግብ መብሰል አለበት፤ በሽተኛ መታከም አለበት። ስለዚህ ጥያቄው "ሥራ ይቁም ወይስ አይቁም?" ብቻ አይደለም። "ሥራው ካልቆመ የሚሠራው ሰው እንዴት ይጠበቅ?" የሚለውም እኩል መጠየቅ አለበት። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ያብራራል። (ኢትዮጵያ የሚል ካልተጨመረበት በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው መጋቢት 11 ቀን 2020 ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 13፣ ኢትዮጵያና ኬንያ የመጀመሪያ ሕሙማናቸውን አስታወቁ። ጅቡቲ መጋቢት 18 ተከተለች። ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱ የተነገረው ግንቦት 5 ቀን 2023 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ አሁን አድጓል፤ የተማርነው ትምህርት ግን በየቤቱ ተበታትኖ ቀርቷል። ሰብሰብ አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል።

አደጋና ሥጋት

የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው ያያሉ። አንደኛው ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ነገር ራሱ፣ ማለትም አደጋው ነው። ሁለተኛው ያ ነገር በእውነት ጉዳት የማድረስ ዕድሉና የጉዳቱ ክብደት፣ ማለትም ሥጋቱ ነው።

በረኪናን እንውሰድ። ተከድኖ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ በረኪና አደጋ አለው፤ ሥጋቱ ግን ትንሽ ነው። ያንኑ በረኪና መስኮት በሌለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከአሲድ ጋር የምትቀላቅል የጽዳት ሠራተኛ ግን ክሎሪን ጋዝ ትተነፍሳለች፤ ጋዙ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በወረርሽኝ ጊዜ "በደንብ ይጽዳ!" የሚለው ትእዛዝ ይበረታል። ምን ከምን ጋር እንደማይቀላቀል አብሮ ካልተነገረ፣ ሠራተኛዋን ከአንድ ሕመም አድኖ ለሌላው መስጠት ይሆናል።

በትንፋሽ ለሚተላለፍ ቫይረስም አራት ጥያቄዎች ሥጋቱን ይመዝኑታል፦ ስንት ሰው አለ? ምን ያህል ተቀራርበዋል? ለምን ያህል ጊዜ? አየሩስ ይለዋወጣል? በእነዚህ አራት ጥያቄዎች የበር ጥበቃንና የመምህራን ክፍልን እናወዳድር። ጥበቃው በቀን መቶ ሰው ያያል፤ ነገር ግን ውጭ ነው፤ ከእያንዳንዱም ጋር የሚቆየው ለደቂቃ ያህል ነው። በመምህራን ክፍል አሥር ሰዎች በሙቀቱ ምክንያት በርና መስኮት ዘግተው፣ ኤር ኮንዲሽነር ከፍተው ለሦስት ሰዓት ፈተና ያርማሉ። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤር ኮንዲሽነር በአብዛኛው ያንኑ የክፍሉን አየር እያቀዘቀዘ መልሶ ያዞራል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጭ አያስገባም። ብዙዎቻችን የፈራነው ጥበቃውን ነበር፤ ይበልጥ ሊያሰጋን የሚገባው ግን ቀዝቃዛው ክፍል ነበር።

የመከላከያው መሰላል

ሥጋቱ ከተለየ በኋላ መከላከያው በደረጃ ይመጣል። አምስት ደረጃ አለው፤ ከላይ ያለው ይበልጥ ይጠብቃል፣ ወደ ታች በወረድን ቁጥር መከላከያው በሰው ጥንቃቄ ላይ ብቻ ይወድቃል።

አንደኛው ደረጃ አደጋውን ማስወገድ ነው፤ ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ቤቱ እንዲያርፍ ማድረግ፣ ሳይሰበሰቡ ማለቅ የሚችለውን ስብሰባ መተው። ሁለተኛው መተካት ነው፤ በክፍል ውስጥ የሚደረገውን የወላጆች ስብሰባ በዛፍ ጥላ ሥር ማድረግ፣ ደረሰኝ በእጅ ከመቀበል በስልክ መክፈል። ሦስተኛው ቦታውን ማስተካከል ነው፤ መስኮት መክፈት፣ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ መግጠም፣ ጠረጴዛ ማራራቅ፣ በበሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ማቆም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ከመኖሪያና ከሕክምና ቦታ ውጭ ላሉ ሕንፃዎች ለአንድ ሰው በሰከንድ ቢያንስ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ መክሯል። አራተኛው የአሠራር ደንብ ነው፤ ሠራተኛውን በፈረቃ መክፈል፣ የምሳ ሰዓት ማለያየት፣ ማሠልጠን። አምስተኛውና የመጨረሻው የግል መከላከያ ነው፤ ማስክ፣ ጓንት፣ መነጽር።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች መሰላሉን ከታች ጀመሩት። ማስክ አደሉና ሥራቸውን የጨረሱ መሰላቸው። ማስክ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ይጠቅማል። ነገር ግን ማስክ የሚሠራው ሰውየው በትክክል ሲያደርገው፣ ሲረጥብ ሲቀይረው፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት ጆንያ ተሸክሞም ሳያወልቀው ሲቀር ነው። የተከፈተ መስኮት ግን የሰውን ትዕግሥት አይፈትንም። በበር ላይ የሚደረገው የሙቀት ልኬትም እንዲሁ ብቻውን አይበቃም፤ ቫይረሱ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ትኩሳት አልነበራቸውም።

ከጉሉ የተገኘ ትምህርት

መከላከያ ልብስ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት፣ ከኮቪድ 20 ዓመት ቀደም ብሎ በኡጋንዳ የሆነውን እናስታውስ። በ2000 ዓ.ም. በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ አካባቢ የኢቦላ ወረርሽኝ ተነሣ። የላቾር ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የበላይ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ማቲው ሉክዊያ በዚያን ጊዜ ለትምህርት ካምፓላ ነበሩ። ነርሶች በማይታወቅ በሽታ እየሞቱ መሆኑን ሲሰሙ ተመለሱ። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ለሕሙማኑ የተለየ ክፍል አቋቋሙ፤ እዚያም ፈቃደኛ የሆኑ ሠራተኞችን አሰማሩ፤ መከላከያ ልብስ አለበሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሠራተኞች መሞታቸው አልቀረም። በኅዳር ወር በአጭር ጊዜ ውስጥ በርካታ ባልደረቦቻቸው ሲሞቱ፣ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ሆስፒታሉ ይዘጋ አሉ። ዶክተር ማቲው አላስፈራሩም፤ አላባረሩም። ቁጭ ብለው ረጅም ሰዓት አነጋገሯቸው፤ ፍርሃታቸውን ሰሙ፤ እርሳቸውም አብረዋቸው እንደሚቆዩ ተናገሩ። ሥራው ቀጠለ። አንድ ሌሊት፣ በጠና የታመመ ነርስ ባልደረባቸውን ለመርዳት ተጣድፈው ሲገቡ ልብሱንና ማስኩን አድርገው የዓይን መከላከያውን ሳያደርጉ ገቡ። ታኅሣሥ 5 ቀን 2000 በዚያው በሽታ አረፉ። ወረርሽኙ ሲያበቃ 425 ሰዎች ታመው 224ቱ ሞተው ነበር።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው ሲደክም፣ ሲጣደፍና ሲያዝን የሚያውቀውንም ይዘላል። እንደ ዶክተር ማቲው ያለ ባለሙያ የዘለለውን እኛም እንዘልላለን። ስለዚህ ጥንቃቄን ለአንድ ሰው ትውስታ መተው አይገባም። በኋለኞቹ የኢቦላ ወረርሽኞች ሠራተኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲገቡ፣ አንዱ የሌላውን አለባበስ እንዲያይ፣ ፈረቃውም አጭር እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ሠራተኛ የሚጸናው ሲታዘዝ ሳይሆን ሲታመንና ሲደመጥ ነው።

ትምህርቱ አርጅቷል እንዳይባል፣ በመስከረም 2024 ሩዋንዳ ውስጥ የማርበርግ ወረርሽኝ ተነሣ። ከታመሙት 66 ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ፈጥኖ በመለየት፣ በመመርመርና በጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ የሟቾቹ ቁጥር 15 ላይ ቆመ። ማርበርግ ከዚህ በጣም የከፋ ዕልቂት ሲያደርስ የታየ በሽታ ነው። እነዚያን ሠራተኞች ያዳናቸው ቀደም ብሎ የተደረገ ዝግጅት ነው።

ደመወዝና እውነት

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ ግን ሠራተኛ በሽታውን ለምን ይደብቃል? ብዙውን ጊዜ መልሱ ቀላል ነው፦ ቀኑን ካልሠራ ቀኑን አይበላም። ትኩሳት እንዳለው የተናገረ የቀን ሠራተኛ የዕለት ደመወዙን ካጣ፣ በማግሥቱ ሌላው ትኩሳቱን በፓራሲታሞል አብርዶ ይመጣል። በበሩ ላይ የቆመውም መለኪያ አይይዘውም። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ ክፍያ ለሠራተኛው የሚደረግ ቸርነት ብቻ አይደለም፤ የመከላከያው መሰላል የላይኛው ደረጃ የሚቆምበት መሠረት ነው።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። መጋቢት 30 ቀን 2012 (በኢትዮጵያ) በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ደግሞ አሠሪዎች በወረርሽኙ ወቅት ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ገደብ ተጥሎ ነበር። ሕጉ የደረሰላቸው ግን በውል የተቀጠሩት ናቸው፤ የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ጫኝና አውራጁ ከዚህ ጥላ ውጭ ቀሩ።

ሥራን ሳይበትኑ መንገድ መቀየር እንደሚቻል ያሳየም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2020 መንገደኛ ሲጠፋ የአንዳንድ አውሮፕላኖቹን ወንበር ነቅሎ ጭነት ጫነባቸው፤ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ አጓጓዘ። በዓለም ዙሪያ ብዙ አየር መንገዶች ሠራተኞቻቸውን በገፍ ሲያሰናብቱ፣ እርሱ ሥራ ፈጥሮ ገቢውን ጠበቀ። ሁሉም መሥሪያ ቤት አውሮፕላን የለውም። ነገር ግን ምግብ ቤት ምግብ ቤት ለቤት ማድረስ፣ ልብስ ሰፊ ማስክ መስፋት ይችላል፤ በየሰፈራችንም ሲደረግ አይተናል።

እንደ በሽታ የተቆጠረ ሠራተኛ

በሚያዝያና በግንቦት 2020 በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ በማላባ፣ የከባድ መኪናዎች ሰልፍ በኪሎ ሜትሮች ይቆጠር ነበር። አሽከርካሪዎች የምርመራ ውጤት እየጠበቁ ለቀናት በመኪናቸው ውስጥ አደሩ፤ መጸዳጃና የሚጠጣ ውሃ ችግር ነበር። በየከተማው ሰው "በሽታ አምጪዎች" ብሎ ሸሻቸው። ኡጋንዳ በግንቦት ወር በምርመራ የተገኘባቸውን የውጭ አገር አሽከርካሪዎች ከአገሪቱ የሕሙማን ቁጥር ውስጥ ማስገባት ተወች። በእኛም መስመር፣ ከጅቡቲ ወደብ ወደ ኢትዮጵያ በሚወጣው መንገድ ላይ ያሉ ሾፌሮችና ረዳቶች አልቆሙም። የአብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና ወጪ ንግድ መተላለፊያ ይህ ነውና ሊቆሙም አይችሉም ነበር። የበላነው ዘይትና ስንዴ የመጣው በእነርሱ ነው።

መድልዎ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤናም ጉዳይ ነው። የተገለለ ሾፌር ከምርመራ ይሸሻል፤ ሕመሙን ይደብቃል፤ በዋናው መንገድ ፈንታ አቋራጭ ይፈልጋል። ስለዚህ በድንበር ላይ ውሃ፣ ጥላ፣ መጸዳጃና ፈጣን ምርመራ ማዘጋጀት ሾፌሩንም ከተማውንም ይጠብቃል።

የሥራ ቦታው የሰው ቤት ሲሆን ነገሩ ይብሳል። በሰኔ 2020 ቤይሩት ውስጥ፣ ሊባኖስን በመታው የገንዘብ ቀውስና ወረርሽኝ መካከል፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በአሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ነበር። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት የሙያ ማኅበር የላትም፤ የደኅንነት ኮሚቴ የላትም፤ ሁሉ ቤት ሲዘጋ የእርሷ የሥራ ሰዓት ግን ማብቂያ ያጣል። ከመካከላችን በቤቱ ሠራተኛ ያለችው ሰው አሠሪ መሆኑን ያስታውስ። ያ ቤት የሥራ ቦታ ነው፤ የዕረፍት ቀኗና የሕክምናዋ ወጪ ይመለከተዋል።

ልብ ሲደክም

የሠራተኛ ጤና ከሳንባው በላይ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ሰው ልጁን እንዳይበክል እየፈራ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቀብር ላይ መቆም፣ ለቅሶ መድረስ ይከለከላል። ለእኛ ሕዝብ ይህ ቀላል አይደለም፤ እድርና ለቅሶ ቤት ኀዘንን የምናወርድባቸው ቦታዎች ናቸውና። ያልወረደ ኀዘን በሥራ ላይ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ መቆጣት፣ ዝምታ፣ ስሕተት ማብዛት ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ አለቃ "ሰነፈ" ከማለቱ በፊት "ምን ሆነሃል?" ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

የሚረዳው ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሥራ ሰዓትን አስቀድሞ ማሳወቅ፤ በሳምንት አንድ ቀን በሰዓቱ የታወቀውንና ያልታወቀውን በእውነት መንገር፤ የታመመውን ሰው ስም በምስጢር መያዝ፤ ከዕረፍት የተመለሰውን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ባልደረባ መቀበል። ቡናም ቢሆን፣ ውጭ አየር ባለበት ተራርቆ ከተጠጣ፣ ጥሩ መደማመጫ ነው።

አንድ ገጽ ዕቅድ

በኬንያ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የሥራ ቦታ የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ ሕይወቱን ወይም ጤናውን በቅርብ የሚያሰጋ ከባድ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው የራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። ድርጅቱ በሰኔ 2022 ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቷል። ሕጉ አለ ማለት ነው፤ ሥራ ላይ የሚያውለው ግን በየቦታው ያለ ሰው ነው።

ትምህርት ቤታችንን ጨምሮ ማንኛውም የሥራ ቦታ በአንድ ገጽ ላይ የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች መልሶ ግድግዳ ላይ ሊለጥፍ ይችላል፦

1. ከሥራዎቻችን ውስጥ ሰው ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በዝግ ክፍል የሚቆይባቸው የትኞቹ ናቸው? መስኮታቸው ይከፈታል?
2. ሠራተኛ ሲታመም ለማን ይናገራል? ያን ቀን ይከፈለዋል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል?
3. እያንዳንዱን አስፈላጊ ሥራ ተክቶ የሚሠራ ሁለተኛ ሰው አለ? ሠልጥኗል?
4. ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባቸውና ነፍሰ ጡር የሆኑ ባልደረቦቻችን ወደ ቀለለ ሥጋት የሚዛወሩት እንዴት ነው?
5. ማስታወቂያው ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ በሚረዱት ቋንቋ ተጽፏል? ማንበብ ለማይችልስ ማን ይነግረዋል?

እነዚህን ጥያቄዎች ርእሰ መምህሩ ለብቻው ቢሮ ዘግቶ ቢመልሳቸው ግማሹን ይስታል። የትኛው መስኮት እንደዛገ የምታውቀው የምታጸዳው ሴት ናት፤ የትኛው ሰርቪስ እንደሚጨናነቅ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው። ዕቅዱ ሲጻፍ እነርሱም በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ።

ተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። የክፍላችሁን መስኮት ጠዋት ክፈቱ። የምታጸዳላችሁን እናት ስሟን ዕወቁ። አባቱ ሾፌር፣ እናቱ ነርስ የሆነን ጓደኛችሁን በበሽታ ስም አትጥሩት። ወላጆቻችሁ ከሥራ ደክመው ሲገቡም "ዛሬ ሥራ ቦታ እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ስሙ። በጥር 2025 ካምፓላ ላይ በታወጀው የኢቦላ ወረርሽኝ መጀመሪያ የተመዘገበው ሟች ነርስ ነበር። ቀጣዩ መቼና በየት እንደሚመጣ ማንም ሊናገር አይችልም። አንዱን ገጽ ለመጻፍ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ የሚቀጥለው የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ለዚህ የሚመች ነው።